ለነፍስ ንስሐ ፥ ለሥጋ ምርመራ

በክርስቲያን ቤት ውስጥ ስለ ብዙ ነገር ይነገራል። ስለ ልጆች ትምህርት፥ ስለ ጾምና ስለ ጸሎት፥ ስለ ቀለብና ስለ ልብስ አባትና እናት ሲመካከሩ ያመሻሉ። አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱ ሲነሣ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፥ ወሬውም ወደ ሌላ ይዞራል። ይኸውም በሩካቤ ሥጋ የሚተላለፍ በሽታ ነው። አባቶቻችን ቂጥኝ፥ ጨብጥ፥ ከርክር እያሉ በስም የሚያውቁት፥ በእኛም ዘመን ኤች አይ ቪ ተጨምሮበት የብዙ ሰው ቤት የዘጋው የአባለ ዘር በሽታ ከሁሉ አብልጦ የሚያድገው በኀፍረትና በዝምታ ውስጥ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ በሽታ የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ ነገር የምንጽፈው ኃጢአትን ለማቃለል አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻ ክቡር መኝታውም ንጹሕ መሆኑን፥ ዝሙት ደግሞ የነፍስ ቍስል መሆኑን ከጥንት ጀምሮ ስታስተምር ኖራለች፤ ዛሬም ታስተምራለች። ነገር ግን የወደቀ ሰው ከወደቀበት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚሄድ ካልተነገረው፥ አንዱ ውድቀት ሁለተኛውን ይወልዳል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ሁለተኛው ውድቀት የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ባልበደለው ላይ መሆኑ ነው፤ በቤትዋ ተቀምጣ ባልዋን በምትጠብቀው ሚስት ላይ፥ ወይም በሚስቱ በሚታመነው ባል ላይ፥ በማኅፀን ባለው ሕፃን ላይም ያርፋል። ስለዚህ ቃላችን ለወደቀው ብቻ ሳይሆን ላልወደቁትም ነው።

እስኪ ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው እናስብ። ባለ ትዳርና የልጆች አባት ነው። ለሥራ ከቤቱ ርቆ ሲሰነብት አንድ ምሽት በመጠጥና በባልንጀራ ግፊት ከማያውቃት ሴት ጋር አደረ። ሲነጋ ልቡ ደነገጠ፤ ምን ላድርግ ብሎም ተጨነቀ። በዚህ ጊዜ በፊቱ አራት መንገዶች ይታዩታል። አንደኛው፥ ምልክት ካልታየብኝ ምንም የለብኝም ብሎ መርሳት ነው። ሁለተኛው፥ ለማንም ሳይናገር ከመድኃኒት መደብር ክኒን ገዝቶ መዋጥ ነው። ሦስተኛው፥ ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ ተናዝዞ፥ ጠበል ተጠምቆ፥ ሁሉ ነገር በዚያ ተፈጸመ ብሎ መተው ነው። አራተኛው፥ በማግሥቱ ደሙን ተመርምሮ ነጻ ነህ የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ሚስቱ መመለስ ነው። አራቱም መንገዶች ብዙ ሰው የሚሄድባቸው ናቸው፤ አራቱም ግን ብቻቸውን ሲሆኑ ወደ ገደል ያደርሳሉ። ለምን እንደ ሆነ በየተራ እንመልከት።

ዝም ያለ በሽታ

ብዙ ሰው ቍስል ካላየ፥ ሽንቱም ካላቃጠለው ጤነኛ ነኝ ብሎ ይደመድማል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ጨብጥ ወንድን በያዘ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሽንትን በማቃጠልና መግል በማስወጣት ይገለጻል፤ ሴትን በያዘ ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳይ በማኅፀን በር ተሸሽጎ ይቀመጣል። ክላሚዲያ የሚባለው በሽታ ደግሞ ከዚህ የባሰ ዝምተኛ ነው፤ ከተያዙት ሴቶች አብዛኞቹ፥ ከወንዶቹም ብዙዎቹ መያዛቸውን አያውቁም። ሁለቱም ሳይታከሙ ከቆዩ ወደ ውስጥ ዘልቀው ማኅፀንንና እንቍላል የሚያልፍባቸውን ቱቦዎች ያቈስላሉ፤ ጠባሳውም ቱቦውን ይደፍናል። ከዚህ የተነሣ ሴቲቱ ልጅ ታጣለች፥ ወይም ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ ይጀምርና ሕይወትዋን ለአደጋ ያጋልጣል። ልጅ ስጠኝ ብላ በየደብሩ ስለት ስትሳል የምትኖር፥ በጎረቤትም መካን እየተባለች የምትታማ ሴት፥ የኀዘንዋ ምንጭ ባልዋ ከብዙ ዓመት በፊት ደብቆ ያመጣው ያልታከመ ጨብጥ ሊሆን ይችላል።

የቂጥኝም ጠባይ ይህንኑ ይመስላል። ከተያዙ በኋላ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ በ3 ሳምንት ገደማ፥ ሕመም የሌለው አንድ ቍስል ያወጣል። ይህ ቍስል ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ያለ ምንም መድኃኒት ይሽራል፤ በሽተኛውም ዳንሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ተሐዋሱ ግን ወደ ደሙ ገብቷል። ከሳምንታት በኋላ በገላ ላይ፥ በእጅ መዳፍና በውስጥ እግርም ጭምር ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል፤ ይህም ደግሞ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ዓመታት ሙሉ ተደብቆ ይቀመጥና ከተያዙት ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ ልብን፥ የደም ሥርን፥ ዐይንንና አንጎልን ያበላሻል። እርጉዝ ሴት ብትያዝና ባትታከም ልጅዋ ሞቶ ሊወለድ፥ ቢወለድም የአካል ጕዳት ሊያገኘው ይችላል።

ኤች አይ ቪም እንደዚሁ ነው። ከተያዙት ሰዎች ብዙዎቹን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፥ የጉሮሮ ሕመምና ድካም ይሰማቸዋል። ይህንንም በአገራችን ሰው ብርድ መታኝ ወይም ወባ ያዘኝ ብሎ ያልፈዋል። ከዚያም በሽታው ለብዙ ዓመታት ዝም ይላል፤ በዚህም ጊዜ ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። እንግዲህ የሰውን መልክና አለባበስ፥ ጨዋነትና ጤንነት አይቶ ይህ ንጹሕ ነው፥ ያ በሽተኛ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። በራስ ላይም ቢሆን እንዲሁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሰዎች መካከል 374 ሚሊዮን ጊዜ አዲስ የቂጥኝ፥ የጨብጥ፥ የክላሚዲያና የትሪኮሞናስ መያዝ ደርሷል። አራቱም በመድኃኒት የሚድኑ መሆናቸውን ስናስብ፥ ይህን ያህል ሰው የሚጐዳው መድኃኒት ጠፍቶ ብቻ ሳይሆን ብዙው መታመሙን ሳያውቅ ወይም ለመናገር አፍሮ ስለሚኖር ጭምር መሆኑን እንረዳለን።

በስውር የተገዛ ክኒን

ሁለተኛው መንገድ ከመድኃኒት መደብር ክኒን ገዝቶ በስውር መዋጥ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው በሽታው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም፤ ስለዚህም የትኛውን መድኃኒት፥ በምን ያህል መጠን፥ ለስንት ቀን መውሰድ እንደሚገባው ሊያውቅ አይችልም። ለአንዱ በሽታ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም፤ ለኤች አይ ቪ ደግሞ ከእነዚህ ክኒኖች አንዱም አይረዳም። ጕዳቱ ይህ ብቻ አይደለም። በግማሽ የተወሰደ መድኃኒት ምልክቱን አጥፍቶ በሽታውን ይተወዋል፤ ሰውየውም ምልክቱ ስለ ጠፋ ያለ ሥጋት ወደ ትዳሩ ይመለሳል።

የጨብጥ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ተሐዋሱን እ.ኤ.አ. በ1879 ያገኘው ናይሰር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች ወጥተው ጨብጥን ያድኑ ጀመር፤ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን ተሐዋሱ ሰልፋን ለመደ። ቀጥሎ በፔኒሲሊን፥ በቴትራሳይክሊን፥ በኋላም በሲፕሮፍሎክሳሲን ይታከም ነበር፤ እነዚህንም በየተራ እየለመደ አሸነፋቸው። ዛሬ በብዙ አገር የቀረው ዋና መድኃኒት ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ እያንዳንዱ ክኒን ተሐዋሱን አዲስ ትምህርት ያስተምረዋል። ስለዚህ በስውር የሚታከም ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የሚታመመውን ሁሉ ይበድላል።

በአንጻሩ በትክክል የታዘዘ መድኃኒት ምን ያህል እንደሚጠቅም ቂጥኝ ይመሰክራል። የዚህን በሽታ ተሐዋስ ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1905 አገኙት፤ በሚከተለውም ዓመት ቫሰርማንና ባልደረቦቹ በደም ምርመራ የሚታወቅበትን ዘዴ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ ማሆኒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በፔኒሲሊን እንደሚድን አሳዩ። ለብዙ መቶ ዓመታት ነገሥታትንና ድኾችን ሳይለይ ሲያጠፋ የኖረው በሽታ ዛሬ ገና በመጀመሪያው ጊዜ ከተደረሰበት፥ ሐኪም በአንድ ቀን በሚሰጠው 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይድናል። የቆየ ከሆነ በየሳምንቱ ለ3 ሳምንት ይሰጣል። እንዲህ በቀላሉ የሚድን በሽታ በኀፍረት ምክንያት ቤት ሲያፈርስ ማየት ያሳዝናል።

ንስሐና ሕክምና

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ የተቀደሰ ነው፤ ሆኖም ለብቻው ተነጥሎ ሲያዝ የሚያሳስት ይሆናል። በንስሐ አባት ፊት ተንበርክኮ መናዘዝ ለወደቀ ክርስቲያን የመጀመሪያው ግዴታ ነው። ነገር ግን ንስሐ የተሰጠን ለኃጢአት ሥርየት ነው፤ የሐኪምን ምርመራ እንድንሸሽበት አልተሰጠንም። በአንጻሩም መርፌው የሥጋን ተሐዋስ ይገድላል እንጂ የነፍስን ዕዳ አይከፍልም። ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይጣሉም፤ አንዱም የሌላውን ሥራ አይሠራም።

እግዚአብሔር በፈቀደው መንገድ ሁሉ እንደሚፈውስ እናምናለን። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እርሱ መሆኑን፥ ጠቢብ ሰው መድኃኒትን እንደማይንቅ መጽሐፈ ሲራክ በሰፊው ያስተምረናል። ወንጌልን ከጻፉልን አንዱ ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። በአገራችንም ብዙ ሕሙማን በእንጦጦና በሌሎች ቅዱሳት ቦታዎች ጠበል ሲጠመቁ የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ወቅት፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ አስታውቀዋል። እንግዲህ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ቢወስድ እምነቱ ጐደለ የሚለው ሰው ከራሱ ልብ ይናገራል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን የሰማው አይደለም።

ምርመራ ጊዜ አለው

አራተኛው መንገድ ብልኅ ይመስላል፤ በእውነትም ከሦስቱ ይሻላል። ነገር ግን በማግሥቱ የተደረገ ምርመራ ስለ ትናንት ሌሊት ምንም ሊናገር አይችልም። ሰውነት በሽታው ከገባበት በኋላ በደም ውስጥ ምልክቱን እስኪያሳይ ድረስ ቀናትና ሳምንታት ይፈልጋል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ስውር ጊዜ ነው፤ በሽታው አለ፥ ምርመራው ግን የለም ይላል። ስለዚህ የምርመራ ወረቀት የሚናገረው ስላለፉት ወራት እንጂ ስለ ትናንት አይደለም። አንባቢ ሆይ፥ የሚከተሉትን ቀኖች ልብ ብለህ ያዛቸው።

የመጀመሪያዎቹ 3 ቀኖች ከሁሉ ይልቅ የከበሩ ናቸው። ለኤች አይ ቪ ሊያጋልጥ የሚችል ነገር የደረሰበት ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ቢደርስ፥ ሐኪሙ አስፈላጊነቱን አይቶ በሽታው ሥር እንዳይሰድ የሚከለክል መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ይህ መድኃኒት ለ28 ቀን በየቀኑ ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ በቶሎ በተጀመረ መጠንም ጥቅሙ ይበልጣል። 72 ሰዓት ካለፈ ግን ይህ በር ይዘጋል። የነነዌ ሰዎች በ3 ቀን ጾምና ንስሐ ከጥፋት እንደ ዳኑ በየዓመቱ እናስባለን፤ እነርሱ ነገ እንነሣለን ብለው ቢዘገዩ ምን ይሆኑ እንደ ነበር ማሰብ ነው። በእነዚሁ ቀኖች የጉበት በሽታ ለሚያመጣው ለሄፓታይተስ ቢ ያልተከተበ ሰው ክትባቱን ቶሎ ቢጀምር ይጠቅመዋል። በዚያው ቀን የሚደረገው የደም ምርመራም ከንቱ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ሁኔታ ያሳያል።

በ2 ሳምንት ገደማ የጨብጥና የክላሚዲያ ምርመራ ይደረጋል። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለዚህ የሚሆን የላቦራቶር መሣሪያ ስለማይገኝ ሕክምናው የሚሰጠው በሚታየው ምልክት ነው። ስለዚህ ምልክት የሌለው ሰው ዝም ቢል ሳይታከም ይመለሳል። ለሐኪሙ፥ ምልክት የለብኝም፥ ነገር ግን በዚህ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኛል ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በዚህ መካከል ቍስል፥ መግል፥ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከታየ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን መሄድ ይገባል።

ከ6 ሳምንት በኋላ የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራ ይደረጋል፤ በ3 ወር ደግሞ ይደገማል። ከደም ሥር በተቀዳ ደም በላቦራቶር የሚደረገው አዲሱ የኤች አይ ቪ ምርመራ ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ በሽታውን ይለያል፤ ከጣት በተወሰደ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ግን ከ23 እስከ 90 ቀን ሊፈልግ ይችላል። በመካከሉ ሌላ መጋለጥ ከሌለ በ3 ወር የተገኘው ውጤት የሚታመን ነው። የ28 ቀኑን መድኃኒት የወሰደ ሰው ቀኑን የሚቈጥርበት መንገድ ስለሚለይ የሐኪሙን ቀጠሮ ይጠብቅ። አንድ ጊዜ በፈጣን ምርመራ አለብህ ቢባልም በሌላ ምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ የመጨረሻ ፍርድ አይደለምና ማንም ቸኵሎ ተስፋ አይቍረጥ።

በዚህ የጥበቃ ጊዜ ልብ በሁለት ነገር ይፈተናል፤ አንዱ ቸልተኝነት፥ ሁለተኛው ድንጋጤ ነው። ስለ ድንጋጤው ይህን እንበል፤ መጋለጥ ማለት መያዝ ማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገራችን የሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች ኤች አይ ቪ የተገኘባቸው ከመቶ 0.9 ያህል ሲሆኑ፥ በከተማ 2.9 በገጠርም 0.4 ነበሩ። በሽታው ካለበት ሰው ጋር አንድ ጊዜ የተገናኘ ሁሉም ይያዛል ማለት አይደለም። ስለዚህ ሳይመረመር የሞት ፍርድ በራሱ ላይ የሚፈርድ፥ ከሥራውና ከምግቡም የሚለይ ሰው ያለ ምክንያት ራሱን ይጐዳል። ስለ ቸልተኝነቱ ደግሞ፥ ማን እንደሚያዝና ማን እንደማይያዝ ከምርመራ በቀር የሚናገር የለም።

ወደ ቤት ከመመለስ በፊት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ያ ያሰብነው ሰው እነዚህን 3 ወራት እንዴት ያሳልፋል? ወደ ሚስቱ ተመልሶ እንደ ቀድሞው ቢኖር፥ ለራሱ የፈራውን አደጋ በእርስዋ ላይ ይጥላል። በእርግዝና ላይ ብትሆን ደግሞ በሁለት ሕይወት ላይ ይጥላል። ስለዚህ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ድረስ ከሩካቤ መታቀብ አለበት። ይህ ለኦርቶዶክሳዊ ቤተ ሰብ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአጽዋማት ወራት ባልና ሚስት ተስማምተው ይታቀባሉና። ነገር ግን ልዩነቱን እንወቅ፤ ያኛው መታቀብ በስምምነት የሚደረግ ነው። ጾምን መሸፈኛ አድርጎ እውነቱን መደበቅ፥ ጾሙንም ሚስትንም ማታለል ነው። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ስለ ኮንዶም ቢናገር ደግሞ፥ ላልበደለችው ሕይወት በማሰብ እንደ ተናገረ ተረድቶ ምክሩን ማዳመጥ ይገባል።

እውነቱን መናገር እጅግ ከባድ ነው፤ ከበሽታው ይልቅ እርሱን የሚፈሩ ብዙዎች ናቸው። ትዳሩ ሊናወጥ፥ እንባና ቍጣ ሊመጣ ይችላል። ሆኖም በሚስት ልብ ላይ ሁለት ዐይነት ቍስል እንዳለ እናስተውል። ባሌ በደለኝ ማለት አንድ ነው፤ ባሌ በድሎኝ፥ አውቆም ደብቆኝ፥ በሽታውን ሰጠኝ ማለት ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው በይቅርታና በጊዜ ሊሽር ይችላል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አይሽርም። ለመናገር ኃይል ያጣ ሰው የንስሐ አባቱ አስታራቂ ሆኖ እንዲረዳው፥ የጤና ባለሙያውም ምክር እንዲሰጠው ሊጠይቅ ይችላል። በሽታ ከተገኘ ደግሞ ባልና ሚስት በአንድነት መመርመርና መታከም አለባቸው፤ አንዱ ታክሞ ሌላው ቢቀር በሽታው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይኖራል። ሚስቴ ተመርምራ ነጻ ሆናለች፥ እንግዲያስ እኔም ነጻ ነኝ ማለትም አይቻልም፤ የአንዱ ደም ስለ ሌላው አይመሰክርም።

ይህን ሁሉ ስለ ባል ብንናገርም ለሚስትም፥ ገና ላላገቡ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችንም የሚሆን ቃል ነው። ሊጋቡ የተጫጩ ወጣቶች ከሥርዓተ ተክሊል በፊት አብረው ቢመረመሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የስውሩን ጊዜ አስበው ከ3 ወር በኋላ ይድገሙት።

አንድ ቃል ደግሞ ስለ ተገደዱት እኅቶቻችን እንናገር። በኃይል የተደፈረች ሴት በደል ተፈጸመባት እንጂ በደል አልፈጸመችም፤ የምትናዘዘው ኃጢአት፥ የምታፍርበትም ነገር የለም። ቤተ ሰብዋ ገመናችን እንዳይወጣ ብሎ ቢሸሽጋት የከበሩትን 72 ሰዓቶች ያሳልፍባታል። ገላዋንና ልብስዋን ሳታጥብ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ፤ ሕክምናውም፥ መከላከያ መድኃኒቱም፥ ለፍርድ የሚሆነው ማስረጃም በዚያ ይገኛል።

ቢገኝስ?

በሽታው ቢገኝስ? ቂጥኝ፥ ጨብጥ፥ ከርክር፥ ክላሚዲያና ትሪኮሞናስ ይድናሉ። ኤች አይ ቪን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት ለሕዝብ ባይደርስም፥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በሽታውን አስሮ የሚይዝ የመድኃኒት ቅንብር አለ፤ በአገራችንም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ሠርቶ ልጆቹን ያሳድጋል። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለትና በዚሁ የጸና ሰው በሩካቤ ለትዳር ጓደኛው እንደማያስተላልፍ ሊቃውንቱ አረጋግጠዋል። እርጉዝ እናትም መድኃኒትዋን ከወሰደች ንጹሕ ልጅ ለመውለድ ትልቅ ተስፋ አላት። ስለዚህ ማወቅ የሕይወት መጀመሪያ ነው፤ አለማወቅ ነው የሚገድለው።

በመጨረሻ ሁለት አደራ አለን። የመጀመሪያው ለወላጆች ነው። ልጆቻችሁን ስለ ንጽሕና ስታስተምሩ ስለ በሽታውም በግልጽ አስተምሩ፤ አንድ ቀን ቢወድቁ ከቍጣችሁ ሸሽተው ወደ ጨለማ እንዳይሄዱ፥ ወደ እናንተ የሚመለሱበትን በር ክፈቱላቸው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል፤ ሴት ልጃችሁን ማስከተብ ስለ ንጽሕናዋ መጠራጠር ሳይሆን ወደፊት ለሚመጣው ትዳርዋ ማሰብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ሁለተኛው አደራ ለካህናት አባቶቻችን ነው። ተነሳሒው በምሥጢር ሲናዘዝላችሁ፥ ቀኖናውን ከመስጠታችሁ ጋር፥ ልጄ ሐኪም ቤት ሄደሃልን? ስንት ቀንስ ሆነህ? ብላችሁ ጠይቁት። በ3 ቀን ውስጥ ከሆነ ስግደቱንና ምጽዋቱን ከማስላቱ በፊት ወደ ሐኪም ይሮጥ ዘንድ እዘዙት። ይህች አንዲት ጥያቄ አንድን ቤት ከነልጆቹ ልታድን ትችላለችና።

የጠፋውን በግ ፍለጋ የወጣ ቸር እረኛ ባገኘው ጊዜ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ቍስሉንም ያስርለታል። የወደቁትን የሚያነሣ፥ የቈሰሉትን የሚፈውስ አምላክ የየቤታችንን ትዳር በንጽሕናና በእውነት ይጠብቅልን፤ ለተሳሳቱትም የንስሐን ብርታትና ወደ ሐኪም የሚያደርስ ልብ ይስጥልን። አሜን።